ባድላንድስ፦ ስለ ገደሉ፣ ስለ አጥንቱና ስለ ሣሩ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሱ ፎልስ ወይም ሚኒያፖሊስ የሚኖር ሐበሻ እንግዳ ይዞ ወደ ራሽሞር ተራራ ሲነዳ ኢንተርስቴት 90ን ይዞ ነው የሚሄደው። ለሰዓታት ሜዳ ብቻ ነው። ከዚያ በስተ ደቡብ በኩል መሬቱ ድንገት ተቦርቡሮ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ሾጣጣ ሆኖ ብቅ ይላል። ብዙ ሰው ጎራ ብሎ ጥቂት ፎቶ ያነሳና መንገዱን ይቀጥላል። "ለመሆኑ ያ ምን ነበር?" የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ቤት ከተገባ በኋላ ነው። ደጋግመው የሚነሱትን እነሆ። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባድላንድስ የት ነው? ምን ያህል ይሰፋል?

ሳውዝ ዳኮታ ግዛት ውስጥ፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል ነው። ወደ 244,000 ኤከር ይሰፋል፤ አንድ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። መንግሥት በ1939 ጥብቅ ስፍራ አደረገው፤ በ1978 ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። ስሙ ከአካባቢው ሕዝብ ከላኮታዎች የመጣ ነው፤ እነሱም ክፉ መሬት ነው የሚሉት። ለእግረኛ፣ ለፈረሰኛና ለጋሪ በእርግጥ ክፉ ነው። በቅርብ ካሉት ከተሞች አንዱ ዎል ይባላል። ነዳጅም ውሃም እዚያው ሙሉ።

ይሄ ሁሉ ገደል እንዴት ተፈጠረ?

መጀመሪያ ተከመረ፣ ከዚያ ተናደ።

ከ75 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እዚህ ቦታ ባሕር ነበር። ሰሜን አሜሪካን ከላይ እስከ ታች ለሁለት የከፈለ፣ ሰፊ ግን ያን ያህል ጥልቀት የሌለው ባሕር። ወለሉ ላይ የተቀመጠው ጥቁር ጭቃ ዛሬ ከሁሉም ንብርብር በታች ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው። የሮኪ ተራሮችና ከዚህ በስተ ምዕራብ ያሉት የብላክ ሂልስ ተራሮች ከፍ ከፍ እያሉ ሲመጡ ባሕሩ ሸሸ። በእሱ ፋንታ ወንዞች ከብላክ ሂልስ አሸዋና ደለል እያመጡ ያነጥፉ ጀመር። ከምዕራብ በኩል ደግሞ፣ ዛሬ ኔቫዳና ዩታ ከሚባሉት አካባቢዎች፣ እሳተ ገሞራዎች የተፉትን አመድ ነፋስ እየተሸከመ አምጥቶ በላዩ ላይ በተነው። እንዲህ ሲከመር ቆይቶ ከ28 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቆመ።

መናዱ ግን የትናንት ነው። ግማሽ ሚሊዮን ዓመት ቢሆነው ነው። ዋይት እና ሻየን የሚባሉት ወንዞች መሬቱን መቁረጥ ጀመሩ፣ ዝናብና ውርጭ አገዟቸው። አሁን ገደሉ በአማካይ በዓመት አንድ ኢንች፣ ማለትም 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸረሸራል። በመሬት ታሪክ ይሄ ሩጫ ነው። እዚያው አጠገብ ያለው የብላክ ሂልስ ግራናይት ያቺኑ አንድ ኢንች ለመሸርሸር 10,000 ዓመት ይፈጅበታል። በዚህ አያያዙ ባድላንድስ ሌላ 500,000 ዓመት ገደማ ቢቆይ ነው፤ ከዚያ ጠፍጣፋ ሜዳ ይሆናል።

ለምን ይሄን ያህል ደካማ ሆነ? ከሩቅ ድንጋይ የሚመስለው አብዛኛው ነገር በደንብ ያልጠነከረ ጭቃ ስለሆነ ነው። የእሳተ ገሞራው አመድ በጊዜ ብዛት ወደ ሸክላነት ተለውጧል። ይሄ ሸክላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ዋልካ መሬት ላይ ያደገ ሰው ነገሩ ሳይነገረው ይገባዋል፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ፣ በክረምት ጫማ የሚነጥቅ ጭቃ። ገደሉን ጠጋ ብላችሁ ብትነኩት ላዩ ፍርክስክስ ያለ ቅርፊት ነው፤ በጣት ሲገፉት ይረግፋል። ጠንከር ያለ አሸዋማ ንብርብር በላዩ ካለ ግን እንደ ባርኔጣ ሆኖ ከሥሩ ያለውን ይጠብቀዋል። እነዚያ ሾጣጣ ማማዎች ቆመው የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ቀለሙስ? ቀዩ፣ ቢጫው፣ ነጩ መስመር?

ከታች ወደ ላይ ማንበብ ነው። ጥቁሩ የባሕሩ ወለል ነው። በላዩ ያለው ደማቅ ቢጫ ባሕሩ ሲሸሽ ፀሐይና አየር ያገኘው፣ የዕፅዋት ሥር እየገባበት ወደ አፈርነት የተለወጠው ያው ጭቃ ነው። ከዚያ ግራጫ ይመጣል። ከግራጫው በላይ ቀይና ፈዛዛ መስመሮች እየተፈራረቁ ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ቀይ መስመር በአንድ ወቅት ሣርና ቁጥቋጦ የበቀለበት፣ እንስሳ የረገጠው መሬት ነበር። ብረት የያዘው አፈር ዝጎ ነው የቀላው። ላይኛው ጫፍ ጋ የምታዩት ወፍራም ነጭ ንብርብር ደግሞ አብዛኛው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

ቀለሙን ለማየት ከዝናብ በኋላ የሚያህል ጊዜ የለም። እኩለ ቀን ላይ ከሄዳችሁ ግን ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት አመድማ ሆኖ ይታያችኋል፤ "ለዚህ ነው እንዴ አራት ሰዓት የነዳነው?" የሚል ቅሬታ የሚሰማውም ያኔ ነው።

የዳይኖሰር አጥንት ይገኛል?

አይገኝም። ልጆቹን ዳይኖሰር ታያላችሁ ብላችሁ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ዳይኖሰሮች በነበሩበት ዘመን ይህ ቦታ ባሕር ነበር። በባሕሩ ንብርብር ውስጥ ሞሳሶር የሚባሉት ግዙፍ የባሕር ተሳቢዎችና ጥምዝ ቅርፊት ያላቸው አሞናይቶች ይገኛሉ። ከዚያ በላይ ያሉት ንብርብሮች ደግሞ ዳይኖሰሮች ከጠፉ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ የተነጠፉ ናቸው።

እነዚያ ንብርብሮች ያስቀመጡልን አጥቢ እንስሳትን ነው፤ ለእኔ ከዳይኖሰሩ ይልቅ እነሱ ይገርሙኛል። ከ37 እስከ 34 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢው ሞቃትና እርጥብ ነበር። አዞ ነበረ። አውራሪስ የሚመስል፣ ከአውራሪስም የሚገዝፍ ብሮንቶቴር የሚባል እንስሳ ነበረ። ከዚያ የዓለም አየር ቀዘቀዘ፣ ደረቀ። ጫካው ሳሳ፣ ክፍት ሜዳው ሰፋ። ከዚህ በኋላ ባለው ንብርብር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኦሪዮዶንት ነው፤ በግ የሚያክል፣ ዛሬ ዘሩ ጨርሶ የጠፋ ቅጠል በል። በየእግሩ ሦስት ጣት ያለው ትንሽ ፈረስ ነበረ። ኤሊውማ ለጉድ ነው።

ግመልም ነበረ። አዎ፣ ግመል። ጆሴፍ ላይዲ የሚባለው የፊላዴልፊያ ሳይንቲስት በ1847 ከዚህ አካባቢ የመጣ የጥንት ግመል አጥንት መርምሮ ለዓለም አስተዋውቋል። ፍየል የሚያህል ነበር። የግመል ዘር መነሻው ሰሜን አሜሪካ ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደ እስያ ተሻገረ፣ ከዚያም ወደ እኛ መጣ። ዛሬ ዳሎል ላይ አሞሌ የሚጭነው ግመል የሩቅ ዘመዶቹ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ተቀብረዋል ማለት ነው።

"የትልቁ አሳማ ቁፋሮ" ሲባል እሰማለሁ፤ ምንድን ነው?

በ1993 ሁለት ጎብኚዎች ፎቶ ሲያነሱ ከመሬት የወጣ ትልቅ የጀርባ አጥንት አዩ። አልነኩትም። ሄደው ሬንጀር ለሚባሉት የፓርኩ ጠባቂዎች ተናገሩ። ባለሙያዎቹ መጥተው አዩትና "አራት ቀን ቢወስድብን ነው" አሉ። ቁፋሮው በየበጋው እየቀጠለ እስከ 2008 ዘለቀ። ከ19,000 በላይ አጥንት ወጣ።

ቦታው ከ33 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የውሃ ጉድጓድ ነበር። ድርቅ ሲመጣ እንስሳቱ ውሃ ፍለጋ ይገባሉ፣ ጭቃው ይይዛቸዋል፣ ሌላው ሊበላቸው ይመጣና እሱም ይቀራል። ስሙ የመጣው የመጀመሪያው አጥንት አርኬዮቴሪየም የሚባል አሳማ መሳይ አውሬ ነው ተብሎ ስለታሰበ ነው። በኋላ ሲጣራ ቀንድ የሌለው አውራሪስ ሆኖ ተገኘ። ስሙ ግን አንዴ ወጥቷል፣ በቃ።

አጥንት ባገኝ መውሰድ እችላለሁ?

በፍጹም። ትንሽ ቁራጭም ብትሆን በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ባለበት ተዉት፣ ፎቶ አንሱት፣ ቦታውን መዝግቡ፣ ለሬንጀር ንገሩ። ይሄ ለይስሙላ የሚባል ነገር አይደለም። በ2010 አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ከጎብኚዎች ማዕከሉ ብዙም ሳትርቅ ያየችውን ነገር ተናገረች። ሲወጣ ሰይፍ የመሰለ ጥርስ ያለው፣ ድመት መሳይ የጥንት አውሬ የራስ ቅል ሆኖ ተገኘ፤ ያውም በጣም በጥሩ ሁኔታ የቆየ። አጥንቱ ከቦታው ከተነሳ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ አይታወቅም። ያ ካልታወቀ ዕድሜውም አይታወቅም።

ፎቶውን ሳየው አፋርን መሰለኝ። ግንኙነት አላቸው?

ዝምድና የላቸውም፤ አሠራራቸው ግን አንድ ነው። ሉሲ በ1974 የተገኘችበት ሐዳርም በውሃ የተነጠፈ ደለልና የእሳተ ገሞራ አመድ ተደራርቦበት፣ በኋላ በጎርፍ የተቦረቦረ ምድር ነው። በሁለቱም ቦታ አመዱ የንብርብሩን ዕድሜ ለማወቅ ያገለግላል። በሁለቱም ቦታ ቆፋሪው ዝናብ ነው፤ ሳይንቲስቱ ከኋላ እየተከተለ የወጣውን ይለቅማል። ልዩነቱ ዕድሜው ላይ ነው። ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። የባድላንድስ አጥቢ እንስሳት ከእሷ አሥር እጥፍ ያህል ይቀድማሉ፤ ስለዚህ እዚያ የሰው ዘር አጥንት ፍለጋ የሚወጣ የለም።

ከገደሉ ውጪ ሣር ብቻ ነው። ሣር ምን ይታያል?

እኔን ከጠየቃችሁኝ የባድላንድስ ዋናው ነገር ሣሩ ነው። ሰው ግን ጀርባውን ለሣሩ ሰጥቶ ገደሉን ፎቶ ያነሳል።

የአሜሪካ መሃል አገር በአንድ ወቅት ሣር ብቻ ነበር። በምሥራቅ በኩል ዝናብ ስለሚበዛ ሰው የሚያሰጥም ረጅም ሣር፣ በምዕራብ በኩል የሮኪ ተራሮች ዝናቡን ስለሚያስቀሩት አጭር ሣር። ባድላንድስ ሁለቱ የሚገናኙበት ነው። በዓመት 400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል፤ ለሣር ይበቃል፣ ለጫካ አይበቃም። አብዛኛው የአሜሪካ የሣር ምድር ታርሶ በቆሎና ስንዴ ሆኗል። እዚህ ከተረፉት ትልልቅ ጥብቅ ሜዳዎች አንዱ አለ።

ተንበርከኩና እዩት። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ስንዴ መሳይ ሣር ዘለግ ብሎ ይቆማል። ከሥሩ አጭሩ የጎሽ ሣር እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። በመካከላቸው ብሉ ግራማ የሚባለው አለ፤ ዘለላው ወደ ጎን የተጋደመ የዓይን ሽፋሽፍት ነው የሚመስለው። በፓርኩ ውስጥ ወደ 60 የሚጠጋ የሣር ዓይነት ይበቅላል። የሣሩ ትልቁ ክፍል ከመሬት በታች ያለው ሥሩ ነው። የሚያቆጠቁጥበት ቦታም አፈሩ ጋ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ቢግጡት፣ እሳት ቢበላው፣ ድርቅ ቢመታው ተመልሶ ይወጣል። እሳትማ ያግዘዋል፤ ዛፍና ቁጥቋጦ እንዳይወሩት ያደርጋል። ዛፍ ማየት ከፈለጋችሁ ውሃ በሚጠራቀምበት ሸለቆ ውስጥ ጥድ ታገኛላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዝናብ በበዛበት ዓመት ሜዳውን የሚሸፍነው፣ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት ቢጫ አበባ የአገሩ አይደለም። ስዊት ክሎቨር የሚባል መጤ ነው፤ የአገሩን ሣር ፀሐይ ይከለክለዋል። ያምራል፣ ግን ለሣሩ ጠላት ነው።

ጎሾቹ ድሮም እዚያ ነበሩ?

ነበሩ፣ ጠፉ፣ ተመለሱ። ባይሰን የሚባለው የአሜሪካ ጎሽ አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት በ30 እና በ60 ሚሊዮን መካከል ነበር ተብሎ ይገመታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በሕይወት የቀረው ከአንድ ሺህ አይበልጥም ነበር። ለቆዳው ታደነ፣ ባቡሩ አዳኝና ገበያ ይዞ መጣ፣ ከዚህም በላይ ጎሹ ካለቀ በእሱ የሚኖሩት ሕዝቦች እጃቸውን ይሰጣሉ የሚል ስሌት ነበር። ስሌቱም ሠራ።

ወደ ባድላንድስ የተመለሱት በ1963 ነው። ዛሬ መንጋው ከአንድ ሺህ በላይ ደርሷል፤ በ2019 ደግሞ 22,000 ኤከር ተጨምሮለታል። ሲበዙ የተወሰኑት እየተለዩ ለነባር ሕዝቦች መንጋ ማቋቋሚያ ይሰጣሉ። ኮርማው እስከ 900 ኪሎ ይመዝናል፣ ከሰው በጣም ይፈጥናል። ጭራውን ቀጥ አድርጎ ካነሳ መኪናችሁ ውስጥ ግቡ። አቧራ ላይ ሲንከባለል የሚተወው ጎድጓዳ ደግሞ ዝናብ ሲጥል ኩሬ ይሆናል፤ ሌላው እንስሳ ይጠጣበታል።

የዱር በጎቹ ታሪክም ከዚህ ብዙ አይለይም። በ1920ዎቹ ከአካባቢው ጠፍተው ነበር፤ በ1964 ከኮሎራዶ በመጡ በጎች እንደገና ተጀመረ።

ያቺ ቆማ የምትጮኸው ትንሽ እንስሳ ምንድን ናት? ለምንስ ያን ያህል ያወሩላታል?

ፕሬሪ ዶግ ትባላለች። ስሟ ውሻ ይላል፤ እሷ ግን ከአይጥ ወገን ናት። መሬት ውስጥ ትልቅ መንደር ሠርታ በማኅበር ትኖራለች። አንዷ ጉድጓዷ አፍ ላይ በሁለት እግሯ ቆማ ትጠብቃለች። ጭልፊት ወይም ተኩላ መሳይ ስታይ ትጮኻለች፣ ሁሉም ይሰወራል።

ከብት አርቢዎች አይወዷትም፤ ሣሩን ትሻማለች ብለው ለብዙ ዘመን በመርዝ ሲፈጇት ኖረዋል። ግን ሜዳው የቆመው በእሷ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሣሩን እየቆረጠች ስለምታሳጥረው አዲስ ለምለም ይወጣል፤ ጎሹም እሱን ፍለጋ ይመጣል። በተወችው ጉድጓድ ጉጉት ይገባበታል። ባለ ጥቁር እግሩ ፌሬት ደግሞ ያለ እሷ አይኖርም፤ ቤቱም ምግቡም እሷው ናት።

ይሄ ፌሬት አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ፊቱ ላይ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀ የሚመስል ሌሊት አዳኝ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዘሩ ጠፍቷል ተብሎ ነበር። በ1981 ዋዮሚንግ ውስጥ አንድ የገበሬ ውሻ ፌሬት ገድሎ ደጅ ላይ ጣለ። ፍለጋው በዚያ ተጀመረ። የተገኙት ጥቂቶች በበሽታ እያለቁ ሲሄዱ በ1987 የቀሩት 18 ተይዘው እንዲዋለዱ ተደረገ። ከእነሱም ዘር የተኩት ሰባቱ ናቸው፤ ዛሬ ያሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም የእነዚያ የሰባቱ ልጆች ናቸው። በ1994 ወደ ባድላንድስ ተለቀቁ። አጥኚዎቹ የሚቆጥሯቸው በሌሊት ነው። ባውዛ መብራት ይዘው ሜዳውን ያስሳሉ፤ አረንጓዴ የሚያበራ ዓይን ካዩ ተገኘ ማለት ነው።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። በ1900 አካባቢ በመርከብ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የገባው ቸነፈር፣ ያው አውሮፓን በመካከለኛው ዘመን የፈጀው፣ ቀስ በቀስ ወደ ሜዳው ደረሰ። በ2008 ከፓርኩ ጎን ያለውን ኮናታ ቤዝን መታው። ፕሬሪ ዶጓም ፌሬቱም ያልቃሉ። አስተላላፊው ቁንጫ ስለሆነ በየጉድጓዱ የቁንጫ ዱቄት ይነፋል፤ ፌሬቶቹም ይከተባሉ። ቀይ ቀበሮን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ባሌ ላይም አይጥ በልቶ የሚኖር፣ ቁጥሩ ያነሰ አዳኝ ከውሻ በሚመጣ በሽታ ደጋግሞ ተመቷል።

መርዘኛ እባብ አለ?

አለ፤ ጭራውን የሚያንቃጭለው ራትልስኔክ ነው። ሌላ መርዘኛ እባብ የለም። እጃችሁን የማታዩበት ስንጥቅ ውስጥ አትክተቱ። ቃጭሉን ከሰማችሁ ባላችሁበት ቁሙ፣ የት እንዳለ እዩ፣ ቀስ ብላችሁ ራቁ።

እዚያ ማን ይኖር ነበር?

ሰው ለብዙ ሺህ ዓመታት አድኖበታል። ባለፉት ጥቂት መቶ ዓመታት ምድሩ የላኮታዎች ነው። በታኅሣሥ 1890 አለቃ ስፖትድ ኤልክ ሕዝቡን ይዞ በባድላንድስ ገደል በኩል ወደ ደቡብ ወረደ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ታኅሣሥ 29፣ ዉንድድ ኒ ላይ የአሜሪካ ጦር ከ150 የማያንሱ ላኮታዎችን ገደለ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

ከዚያ መንግሥት መሬት እያደለ ሰፋሪ አመጣ። ምሥራቅ ላይ ለቤተሰብ የሚበቃው መሬት እዚህ ለጥቂት ከብትም አልሆነም፤ የ1930ዎቹ ድርቅ ሲመጣ ብዙው ጥሎ ሄደ። በ1942 ደግሞ የአየር ኃይሉ ከፓይን ሪጅ የላኮታ ክልል 340,000 ኤከር ገደማ ለቦምብ መለማመጃ ወሰደ፣ 125 ቤተሰቦችም ተፈናቀሉ። ያልፈነዳ ተተኳሽ እስከ ዛሬ አለ። ከዚያ መሬት የተወሰነው አሁን የፓርኩ ደቡባዊ ክፍል ነው፤ በ1976 በተደረገ ስምምነት መሠረት ከኦግላላ ላኮታ ጎሣ ጋር በጋራ ይተዳደራል። እዚያ የብረት ቁራጭ ብታዩ እንዳትነኩ።

መቼ ልሂድ? ምን ልያዝ?

ሣሩን አረንጓዴ ሆኖ ለማየት ግንቦት መጨረሻና ሰኔ። ለአየሩ መስከረም። ሐምሌና ነሐሴ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ ጥላ ደግሞ የለም። በታኅሣሥና በጥር ቅዝቃዜ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል።

መንገድ 240 አስፋልት ነው፤ ገደሉን ተከትሎ ይጠማዘዛል። ጎሽና ፕሬሪ ዶግ የሚታዩት ግን በሴጅ ክሪክ ጠጠር መንገድ በኩል ነው። ዝናብ ከጣለ ወደዚያ አትግቡ፤ ስለ ሸክላው ያልኩትን ጎማችሁ ይነግራችኋል። ፓርኩ ከተሠራ መንገድ ወጥቶ በፈለጉበት መራመድን ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ውሃ በደንብ ያዙ፣ ስልክ በብዙ ቦታ ስለማይሠራ ካርታውን አስቀድማችሁ አውርዱ። ማለዳ ግቡ፣ ፀሐይ ስትበረታ ዎል ሄዳችሁ ምሳ ብሉ፣ አመሻሽ ላይ ተመለሱ።